ለሉባባ ኒካህ እምቢ ያለው ኮምፒዩተር

የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቄን የዘጋሁት ከሥራው ተጣልቼ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ቀስ እያለ ከእኔ ራቀ እንጂ። ድሮ ኢንተርኔት የጠፋበት ሰው ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደታመመ ልጅ ታቅፎ ይመጣ ነበር። ዛሬ ሁሉም ኢንተርኔቱን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። ሲጠፋበትም ስልኩን ሽቅብ አንስቶ ያወዛውዝና «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይተወዋል። ዓይኔም ቢሆን የትናንሽ ብሎኖችን ጥርስ መለየት ካቆመ ሰነበተ። እናም ደሴ ላይ ብዙ ዘመን የተቀመጥኩባትን ጠባብ ክፍል ጠራርጌ ለባለቤቷ አስረከብኩ፤ አሁን እቤቴ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ክር ሲበጠስ የተበጠሰበት ቦታ ይታያል። ዕድሜዋን ሙሉ የማይታይ ነገር ስትፈልግ ለኖረች ሴት ይህ እንዴት ያለ ዕረፍት መሰላችሁ!

ልጆቻቸውን ሊያስለኩ የሚመጡ እናቶች ግን ወሬ እንደምወድ ያውቃሉና አይለቁኝም። «እስቲ የሉባባን ኒካህ ንገሪን» ይላሉ። አንድ አባት የልጄን ዓይን ካላየሁ አልድርም ብለው፣ የልጅቷ ዓይን ደግሞ ከባሕር ማዶ ሆኖ፣ በመካከል እኔና አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር የተፋጠጥንበትን ማለታቸው ነው። እነግራቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፣ አንዳንዷም ታለቅሳለች። ዛሬ ደግሞ ከነሥሩ ልጻፈው።

ለዚህ ሥራ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ደሴ ላይ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት የታይፕ ማሠልጠኛ ነበራቸው፤ እዚያ አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጣቶቼ ፈጣን ነበሩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። አንድ ቀን ወይዘሮ አስካለ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ኮምፒዩተር አስጭነው መጡ። ጀርባው ላይ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ የአንድ ፈረንጅ ትምህርት ቤት ወረቀት ተለጥፎበታል። በዳንቴል ሸፈኑትና «ማንም እንዳይነካው» አሉ። ያ ኮምፒዩተር እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ ከረመ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ሳይሰለቻቸው አልቀረም።

«ራሔል፣ አንቺ እጅሽ ቀላል ነው፤ እስቲ ክፈቺው» አሉኝ።

«ብሰብረውስ?»

«አብረን እናለቅሳለን!»

ከዚያ ወዲያ ስንት ዓይነት አለቃ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፈቃድ የሰጠኝ ግን የለም።

መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ፣ ማሽኑ የሚለውን ቃል አንድ በአንድ እየፈታሁ ተማርኩ። ኢንተርኔት ሲመጣ በስልክ መስመር ነበር የሚገባው። ኮምፒዩተሩን ከስልኩ ጋር የሚያገናኘው ሞደም እንደተጣሉ ድመቶች ይጮኻል፤ ጩኸቱ ሲያበቃ ወይ ተገናኝተሻል ወይ ቀርቶብሻል። ውሎ አድሮ ጩኸቱን ብቻ ሰምቼ ዛሬ ይገባል፣ ዛሬ አይገባም ለማለት በቃሁ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምር ስለነበርኩ እናቴ «ጌታ ለዜማ የሰጠሽን ጆሮ ለዚህ ኳኳታ አዋልሽው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ቀጥሎ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ አንድ የእህል መጋዘን ቢሮ ጸሐፊ ፈልጎ። ደመወዙ ትንሽ ሻል ይል ነበር። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትወርጂ የሚለወጠው ልብስሽ ብቻ አይደለም፤ የማሽኑም በሽታ ይለወጣል። ደሴ ላይ ኮምፒዩተር የሚታመመው በጉምና በእርጥበት ነው፤ መሰኪያው ይዝጋል፣ ውስጡ የሚሰኩት ካርዶች ጥርስ ይጠቁራል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ጠላቱ ሙቀትና አቧራ ነው። መጋዘን ሲሆንማ የእህሉ ብናኝ ማራገቢያው ላይ እንደ ጥጥ ይጠመጠማል። አንድ ጊዜ ከአንዱ ማሽን ሆድ ውስጥ የበቀለ ማሽላ አውጥቻለሁ ብል የሚያምነኝ የለም፤ እናንተም አትመኑኝ፤ ግን አውጥቻለሁ።

የቢሮው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። ድሮ ራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ ኮምፒዩተርን «ወሬ የበዛበት ራዲዮ» ይሉታል። እኔ ዛሬ የማውቀው ሁሉ ወይ ከመዝገበ ቃላቱ ወይ ከእሳቸው ነው። ሲጠሩ ሮጠው አይሄዱም። መጀመሪያ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፣ እስኪደርቅ ይቆማሉ፣ ከዚያ ነው የሚነሡት። «የቸኮለ እጅ ላብ አለው፤ ላብ ደግሞ የመዳብ ጠላት ነው» ይላሉ። የፈቱትን ብሎን በሳህን ላይ በወጣበት ተራ ይደረድሩታል፤ ማንም ሳህኑን ቢነካ ይቆጣሉ። የጠቆረ የካርድ ጥርስ በተማሪ ላጲስ እሽት አድርገው ያጸዳሉ፤ እኔ ስንቱን «ሞቷል» የተባለ ማሽን በዚያ ላጲስ አስነሥቻለሁ!

ኢንተርኔት ጠፋ ሲባሉ «ምን እምቢ አለ?» አይሉም። «የሚሠራው ምንድን ነው?» ነው ጥያቄያቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ማሽኑን ትተው ሰውየውን ማየታቸው ነበር። ባለቤቱን ወንበሩ ላይ ያስቀምጡና «እንደ ሁልጊዜው ሥራ፤ እኔን እንደሌለሁ ቁጠረኝ» ይሉታል። ከዚያ ስክሪኑን ሳይሆን እጁን ነው የሚያዩት።

የዚህን ጥቅም ያየሁት በሥራ አስኪያጃችን በአቶ ግርማ ነው። ኢንተርኔቱ ጥሩ እየሄደ ሳለ በየቀኑ ድንገት ይቋረጣል። ሞደሙን ቀየርኩ፣ የስልክ ገመዱን ከግድግዳው ጀምሬ አዲስ አደረግሁ፤ ያው ነው። ጋሽ ተፈራ መጡና ማሽኑን ገልመጥ እንኳ ሳያደርጉ አቶ ግርማ ክፍል ገብተው ጥግ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙም ሳይቆይ አቶ ግርማ የጠረጴዛቸውን ስልክ አነሡ፤ ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት አዳመጡና መልሰው አስቀመጡት። ወዲያው እኔ ከማዶ «ተቋረጠ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን እያደረጉ ነው ጌታዬ?» አሏቸው ጋሽ ተፈራ።

«ኢንተርኔቱ መኖሩን እያረጋገጥኩ ነዋ! ሲኖር ሽሽሽ ይላል።»

ስልኩና ሞደሙ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። መኖሩን ለማረጋገጥ ባነሡት ቁጥር ይገድሉት ነበር። ጋሽ ተፈራ ግን ጥርሳቸውን እንኳ ሳያሳዩ፣ «ማረጋገጡ ጥሩ ነው ጌታዬ፤ ከእንግዲህ ግን ራሔልን ይጠይቋት» አሉ። እስኪያስላቸው የሳቁት አቶ ግርማ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በበር ብቅ እያሉ «ራሔል፣ ሽሽሽ ይላል?» ይሉኛል። «ይላል ጌታዬ!» እላለሁ።

መጋዘኑ ሲዘጋ ጋሽ ተፈራ ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ እኔም ደሴ ተመልሼ ጠባቧን ሱቅ ከፈትኩ። ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች እንደ ጉድ የሚገቡበት ጊዜ ነበር። በኋላ ደግሞ ዶንግል የምንለው፣ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሰካ ጣት የሚያህል ነገር መጣ፤ ያለ ስልክ ገመድ ኢንተርኔት የሚያስገባ። ሰው ዶንግሉን ከፊት ለፊት ይሰካውና «ይቋረጥብኛል» ይላል። የአሮጌ ማሽን የፊት መሰኪያ በቂ ኃይል አይሰጠውም፤ ከኋላ ስትሰኪው ይድናል። ቤቱ ጦሳ ተራራ ሥር ተደብቆ ኔትወርክ ካነሰው ደግሞ በማራዘሚያ ገመድ መስኮት ላይ ታንጠለጥይውና ኔትወርኩን እንዲሰበስብለት ከጀርባው የድስት ክዳን ታቆሚለታለሽ። እንዲህ ባለው ዘዴ ስሜ ወጣ። ያ ስሜ ነው እንግዲህ እቴ ዘሀራ ቤት ያስጠራኝ።

እቴ ዘሀራ የሠፈሬ ሰው ናቸው። ባላቸው ጋሽ ከድር በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው። የእቴ ዘሀራ ወንድም አባ እንድሪስ ኩታበር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የእሳቸው ልጅ ሉባባ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ለአክስቷ ያገለገለ ኮምፒዩተር በጓደኛዋ እጅ ልካላቸው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የቁርኣን ንባብ ሲሰማበት ነው የማውቀው።

እቴ ዘሀራ ሱቄ መጡና በር ላይ ቆሙ። «ራሒ፣ ሉባባ ልታገባ ነው።»

«እሰይ! ማንን?»

«የደጋን ከተማ ልጅ ነው፣ ሁሴን ይባላል፤ እዚያው ሾፌር ነው። ሰኞ አሠሪዎቹ ወደ ሌላ አገር ይወስዱታል። አብራው እንድትሄድ ኒካሁ ከሰኞ በፊት መታሰር አለበት። ወንድሜ ግን እምቢ አለ።»

«ምነው?»

«እሱን ራሱን ጠይቂው።»

አባ እንድሪስ ዓርብ ዕለት ከጁምዓ በኋላ እቴ ዘሀራ ቤት መጡ፤ እኔም ቀድሜ ደርሼ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው። «በእህቴ ስልክ እሺ ብላኛለች» አሉኝ። «እሺ ግን አጠገቧ የቆመ ሰውም ያስብላል፣ ልጄ። የሰው አገር ነው። ዓይኗን ካየሁ ልጄን አውቃታለሁ፤ ወዳ እንደሆነ፣ ሳትወድ እንደሆነ። ካላየሁ ግን በሷ ነገር ቃል አልሰጥም።» እሷ ደግሞ አባቴ ካልዳረኝ አላገባም ብላለች። ነገሩ ሁሉ እንግዲህ እዚያ ማሽን ላይ ተንጠለጠለ።

በምስል የሚያነጋግረውን ፕሮግራም ቀደም ብዬ ጭኜ ነበር። ዶንግሉን ሰክቼ ዜና የሚያወጣ አንድ ገጽ ከፍቼ አይቻለሁ። ገጹ ተከፈተ፤ «ዝግጁ ነው» አልኩ። ለዚህች ቃል በኋላ ዋጋ ከፈልኩ።

ኒካሁን የሚያስሩት ሼሁ መጡ። የሁሴን አጎት አያ ሰይድም በልጁ ወኪልነት ከደጋን መጥተው ተቀመጡ፤ ሙሽራው ሩቅ ስለሆነ የአባትየውን እጅ ይዘው የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። ሁሉም አሮጌውን ኮምፒዩተር እንደ ዳኛ ፊት ለፊት አስቀምጠው ዙሪያውን ተኮለኮሉ። ፕሮግራሙን ከፈትኩ። መግቢያው በር ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረችና ፕሮግራሙ «መገናኘት አልተቻለም» አለ።

«አብሽሪ፣ ደግሞ ሞክሪ» አሉ ሼሁ።

ሞከርኩ። ያው ነው። እንደ ጋሽ ተፈራ «የሚሠራው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ዜናው ይከፈታል፤ ቀለል ያሉት ገጾች ሁሉ ይከፈታሉ። የማይከፈተው ስምና የምስጢር ቃል ሰጥተሽ የምትገቢበት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ቀላሉ ይገባል፣ ከባዱ አይገባም፤ ስለዚህ መስመሩ ደካማ ነው ብዬ ደመደምኩ። ዶንግሉን ከኋላ ሰካሁ፣ መስኮት ላይ አንጠለጠልኩ፣ የእቴ ዘሀራን ትልቁን የድስት ክዳን አቆምኩ። ሌላ ዶንግል አስመጣሁ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ መልሼ ጫንኩ። ማሽኑን ከነገመዱ ነቅዬ፣ ፈትቼ፣ የማስታወሻ ካርዱን በላጲስ ወለወልኩ።

ማሽኑን ነቅዬ በሰካሁት ቁጥር ጋሽ ከድር መነጽራቸውን አድርገው ብድግ ይላሉ። «ይቅርታ ልጄ፣ ቀኑ ጠፍቶበታል፤ አንድ ጊዜ ላስተካክልልሽ» ይላሉ። የውስጥ ባትሪው ስለሞተ፣ ከሶኬት ሲነቀል ቀኑን ይረሳል። እኔም ዞር ብዬ አያለሁ፤ ዓመቱ ሁለት ሺህ ሦስት ይላል። ዘመኑም ሁለት ሺህ ሦስት ነው። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ከድር» ብዬ ወደ ድስት ክዳኔ እመለሳለሁ።

ፀሐይ ዘቀዘቀች። አያ ሰይድ ከወንበራቸው ላይ ተነቃነቁ። «እኔስ ግራ ገባኝ። ኮምፒዩተሩ ነው እምቢ ያለው ወይስ አባትየው?»

«ምላስህን ሰብስብ አያ ሰይድ» አሉ አባ እንድሪስ ሳይጮኹ።

«ወላሂ፣ መስጠት ያልወደዱ እጆች ሰበብ አያጡም ብዬ ነው።»

«በቃ!» አሉ ሼሁ።

አባ እንድሪስ ዱላቸውን አነሡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ። አላህ ያልፈቀደውን በር የሰው እጅ አይከፍተውም። ምልክት ነው። ኸይር ባይኖረው ነው» አሉና ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እቴ ዘሀራ ስልክ ደውለው ለሉባባ ሲነግሯት የልጅቷ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ተሰማኝ፤ አላለቀሰችም፣ «እሺ» ብቻ ነው ያለችው። በሥራ ዘመኔ ስንት ማሽን ሞቶብኛል፤ እንደዚያች «እሺ» የከበደኝ የለም።

ቅዳሜ ማለዳ የረሳሁትን ማራዘሚያ ገመድ ልወስድ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር ገመዱ ሰበብ ነው፤ እግሬ ነው ያመጣኝ። ጋሽ ከድር ሳሎኑ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ምንም ልነካ አልፈለግሁም፤ ጥግ ላይ ቁጭ አልኩና፣ «እስቲ እኔ እንደሌለሁ ቆጥረው እንደ ሁልጊዜው ይክፈቱት» አልኳቸው።

ደስ አላቸው። መጀመሪያ የግድግዳውን ሰዓት ከፍተው ሞሉ። ቀጥለው ኮምፒዩተሩን ሶኬት ላይ ሰክተው አበሩ። ከዚያ ከግድግዳው ሰዓት አጠገብ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ በጣታቸው ያዙና እያነበነቡ ማሽኑ ላይ አስገቡ፤ «ግንቦት... ዘጠነኛ ወር። ዓመተ ምሕረት ሁለት ሺህ ሦስት። ሰዓት... ሦስት ከሩብ።»

እኔ እጃቸውን እያየሁ ነበር። እጃቸው ከወሮቹ ዝርዝር ላይ ዘጠነኛውን መረጠ፤ የፈረንጁን ሴፕቴምበር።

«ጋሽ ከድር፣ ይሄን በየቀኑ ያደርጉታል?»

«ታዲያሳ! ውሸት ቀን ይዞ ይዋል እንዴ? ሲነሣ እኮ ምን እንደሚል አይተሽ ከሆነ የዛሬ ስንት ዓመት ጥር ነው ይላል፣ የተረገመ። ብቻ ዕለቱን አላውቅ አለ፤ ቅዳሜን ሌላ ይለዋል። ያረጀ ማሽን ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ!»

ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ብቻ ነው። እኛ ሁለት ሺህ ሦስት ስንል እዚያ ማዶ ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ነው። ስምና የምስጢር ቃል የሚጠይቁት በሮች ሁሉ፣ ከመክፈታቸው በፊት ቀን ያመሳክራሉ፤ የእኛ ማሽን ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቆሞ ሲያንኳኳ «ይሄስ የማይታመን ነው» ብለው ይዘጉበታል። የዜናው ገጽ ቀን ስለማይጠይቅ ይከፈታል። እኔም ዓርብ እስኪመሽ ሳየው ነበር! ሁለት ሺህ ሦስትን አይታ የምትደነግጥ ደሴ ላይ ማን አለች?

ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱን በፈረንጁ አስተካከልኩ። ክቧ ምልክት አንድ ጊዜ ዞረችና በሩ ተከፈተ። የሉባባ ስም ከአጠገቡ አረንጓዴ ነጥብ ይዞ ብቅ አለ።

ጋሽ ከድር መነጽራቸውን አወለቁ። «ስለዚህ የልጅቷን በር ስዘጋ የዋልኩት እኔ ነኛ?»

«እርስዎ በአገርዎ ቀን ነው የሠሩት ጋሽ ከድር። አይቼ ያለፍኩት እኔ ነኝ።»

«ያ ረቢ! አርባ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ቀን አበላሸሁ!» አሉ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅ ያዘን፤ እቴ ዘሀራ ከጓዳ «ምን ሆናችሁ?» እያሉ ወጡ። ከሱቄ ሳንቲም የምትመስለውን ክብ ባትሪ አምጥቼ በሞተችው ተካሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ቀኑን በራሱ ያዘ። ጋሽ ከድር ትንሽ ቅር አላቸው መሰለኝ፤ «እንግዲህ የቀረኝ የግድግዳው ብቻ ነው» አሉ።

ማሽኑ ዳነ፤ አባ እንድሪስ ግን ኩታበር ናቸው፣ ቀዬአቸው ስልክ አይገባም፣ ነገሩንም ምልክት ነው ብለው ዘግተውታል። እቴ ዘሀራ ነጠላቸውን አጣፉና «ተነሺ» አሉኝ። በተገኘችው መኪና ሄድን፤ ከወረድንበት ደግሞ በእግራችን። አባ እንድሪስ ከአጥር ሥር እርፍ ይጠርባሉ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ምነው? ልጄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አሉ እቴ ዘሀራ። «በሩን የዘጋው አላህ አይደለም፤ ባሌ ነው!»

«ምን ትላለች ይቺ?»

ነገርኳቸው። የፈረንጅ ዘመን፣ የምስጢር ቃል... ስናገር ዓይናቸው ራቀብኝ፤ አልገባቸውም። ቆም አልኩና ሌላ መንገድ ፈለግሁ። «አባ እንድሪስ፣ ገበያ ሊሄዱ ተነሥተው ቀኑን ቢስቱ፣ ደርሰው ቢያዩ ሜዳው ባዶ ቢሆን፣ አላህ ገበያውን ከለከለ ይላሉ?»

እርፉን አገላበጡ። «አልልም። ቀን ስቻለሁ እላለሁ።»

«እኛም ቀን ስተን ነው።»

እርፉን አጥሩ ላይ አስደገፉ። ከዚያ ጺማቸው ሥር ፈገግ አሉ። «እንግዲያስ ገበያው አለ በይኛ።»

«አለ። ነገ፣ እሑድ፣ ኢንሻአላህ።»

እሑድ ከአምልኮ ቀርቼ ከማለዳው እዚያ ነበርኩ። አያ ሰይድ በስልክ ተለምነው ከደጋን ተመልሰው መጡ፤ ሰላምታ ሲሰጡ ግን የአባ እንድሪስን ፊት አላዩም። ፕሮግራሙን ከፈትኩ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሉባባ መጣች። ቤቱ «አልሃምዱሊላህ» አለ። ወዲያው ግን ፊቷ ሩብ ሩቡ እየተቆረጠ ቆመ፤ ድምጿም እንደ ተጎረሰ ቃል ተንተባተበ። ክዳኑን አዞርኩት፣ ዶንግሉን ከፍ ዝቅ አደረግሁት። ይህኛው ግን እውነትም መስመር ነው። ምስልና ድምፅ አንድ ላይ አይሸከምም።

አያ ሰይድ «ደግሞ ጀመረ» ብለው አጉረመረሙ። የአባ እንድሪስ እጅ ወደ ዱላው ሲሄድ አየሁ።

ላቡን ከእጄ ጠረግሁ። «አባ እንድሪስ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይሸከምም። አንዱን ላጥፋና አንዱ ይጥራ። የቱን ላስቀድምልዎ?»

«ዓይኗን» አሉ ሳያመነቱ።

ድምፁን አጠፋሁ፣ ከእኛ ወደ እሷ የሚሄደውንም ምስል አጠፋሁ። እቴ ዘሀራ በእጅ ስልካቸው «ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ አባትሽ ሊያይሽ ነው» አሏት። ቀስ እያለ ፊቷ ተሰበሰበ፤ ጠራ። አባ እንድሪስ ወንበራቸውን ስበው አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ቀረቡ። ልጅቷ ሻሿን አስተካከለች፤ እሷ የምታየው ጨለማ ነው፣ አባቷ ግን ከዚያ ወዲያ እንዳሉ ታውቃለች። ቀጥ ብላ አየች። የታችኛውን ከንፈሯን ነከሰች።

«ከስታለች» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ሳቅ ይዛለች። ትንሽ ሆና ሳቅ ሲይዛት እንዲህ ከንፈሯን ትነክስ ነበር። ለቅሶ ሲይዛት ዓይኗን ነው የምታሸሸው። አሁን አላሸሸችም።» መዳፋቸውን በጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «እሱንስ?»

ሁሴን መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ግንባሩ በላብ ወርዝቶ። አባ እንድሪስ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይሄ ልጅ ከእኔ ይልቅ እሷን ይፈራል» አሉ። አያ ሰይድ ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«አሁን ድምጿን ስጪኝ፣ ልጄ።»

ምስሉን አጥፍቼ ድምፁን መለስኩ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ድምፁ ግን እጎረቤት ያለች ያህል ጥርት ብሎ መጣ።

«ሉባባ!»

«መርሀባ አባ!»

«ማንም አላስገደደሽም?»

ያ ከንፈሯ ያገደው ሳቅ ወጣ። «ወላሂ አባ፣ ያስገደድኩት እኔ ነኝ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሼሁ ራሳቸው ጥምጥማቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ አባ እንድሪስ ወደ አያ ሰይድ ዞሩና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ አያ ሰይድ ዓይናቸውን ቀና አድርገው ተቀበሉት። ሼሁ ነጭ ጨርቅ በእጆቻቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ልጄን ሉባባን ለወከለህ ለሁሴን ድሬያለሁ።»

«ለሁሴን ተቀብያለሁ።»

መስመሩ የተቆረጠው እዚያ ላይ ነው። ከማዶ ይሰማ የነበረው የሉባባ ትንፋሽ ጠፋ፤ እኔም እንደ ልማዴ እጄን ወደ ዶንግሉ ሰደድኩ። ያን ሁሉ ዘመን፣ በስንቱ ቢሮና በስንቱ ቤት፣ መስመር በተቆረጠ ቁጥር የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነበር የሚያርፈው። ቀና ብዬ አየሁ። አባ እንድሪስና አያ ሰይድ ተቃቅፈዋል፤ ጋሽ ከድር መነጽራቸውን ይጠርጋሉ፤ እቴ ዘሀራ እልልታውን ያቀልጡታል። ወደ እኔ የዞረ አንድም ሰው የለም። ዶንግሉን ለቀቅሁት፤ እኔም እልል አልኩ።